ኮሮናና ፒኞን ከመግዛታችሁ በፊት ጥርስ ቁጠሩ

«እህቴ፣ ባለቤትሽን ላኪው፤ ከእሱ ጋር እንግባባለን» አለኝ ባለ ሱቁ።

ጅማ መርካቶ፣ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ነው። በጋዜጣ የጠቀለልኩትን ፒኞን ፈትቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩለት። ዘይቱ ጋዜጣውን አርሶታል። «አስር ጥርስ አለው» አልኩት። «ኮሮናው አርባ ሦስት ነው። ባለ አርባ ሦስት በአስር አለህ?» ፒኞኑን አየ። እኔን አየ። ከዚያ ከጓዳ ወንበር አመጣልኝ።

ባለቤት የለኝም። መኪናውም የአባቴ ነበር፣ አሁን የኔ ነው። ላንድ ክሩዘር ፒክአፕ፣ ኤች ዜድ ጄ 79፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር ናፍጣ። ሥራዬ ቡና ማቅረብ ነው። ወቅቱ ሲደርስ ከዴዶ፣ ከጌራና ከጎማ ጀንፈል እየጫንኩ ጅማ አስገባለሁ። ክረምት ላይ ደግሞ ማዳበሪያም፣ ሰውም፣ በግም ይጫንበታል። ዲፈረንሻሉን ሁለት ጊዜ አስቀይሬያለሁ። አንዴ በስህተት፣ አንዴ በትክክል። የምጽፍላችሁ ሁለተኛውን እንዴት እንደገዛሁ ነው። የመጀመሪያው ግን ሳይወራ አይታለፍም።

ኮሮና ስል ያንን በሽታ አይደለም። የሞተሩን ኃይል ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ዲፈረንሻል ውስጥ ሁለት ዋና ባለ ጥርስ ብረቶች አሉ። አንዱ ትንሽ ነው፣ ረዥም ጭራ አለው፣ በጭራው በኩል ከካምቢዮው ኃይል ከሚያመጣው ረዥም ዘንግ፣ ከፕሮፔለር ሻፍቱ ጋር ይገናኛል። እሱ ፒኞን ነው። ሌላው ትልቅ ቀለበት ነው፣ ጥርሱ ዙሪያውን ተቀርጾበታል። እሱ ኮሮና ነው። ቃሉ ጣልያንኛ ነው፣ ዘውድ ማለት ነው። መቼም ጋራዦቻችን ከጣልያን ያልወረሱት ቃል ጥቂት ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ዳዶ፤ ስንቱ።

እንዴት እንደተሸወድኩ

የኋላው ዲፈረንሻል መጮህ የጀመረው ከአጋሮ ስመለስ ነው። ሲፈታ የፒኞኑ ሁለት ጥርሶች ጫፋቸው ረግፏል። የቡና ወቅት ስለነበር ቆሜ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። አዲስ አበባ ላለ አንድ ደላላ ደወልኩ። «ላንድ ክሩዘር፣ የኋላ ኮሮናና ፒኞን» አልኩት። «አለ» አለኝ። ብሩን በስልክ ላክሁ። በማግስቱ ዕቃው በአውቶቡስ መጣ። ዘይት የተቀባ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲያዩት የሚያምር። መካኒኩ ሳይቆጥር ገጠመው። እኔም ሳልቆጥር ከፈልኩ።

አንድ ወር ሙሉ ምንም አልታየኝም። እንዲያውም አስፋልት ላይ ሞተሩ ዝቅ ብሎ የሚዞር ስለመሰለኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ያልታሰበ ዝናብ ጣለ። አስር ኩንታል ጭኜ ከዴዶ ስወርድ ጭቃ ያዘኝ። ወርጄ የፊት ጎማዎቹን ከአክስላቸው ጋር ቆለፍኩ፣ ፎር ባይ ፎር አስገባሁ፣ ወጣችልኝ። ችግሩ የመጣው ጭቃው አልቆ ደረቅ ኮረት ላይ ስደርስ ነው። መኪናዋ ከኋላ ሰው የጎተታት ይመስል ተንቀራፈፈች። ፎር ባይ ፎሩን ላውጣ ብል ማርሹ አልወጣም አለ። ወደ ኋላ ሄድኩ፣ ወደ ፊት ሄድኩ። ከዚያ ከእግሬ ሥር ጓ! አለ። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያካፍለው ትራንስፈር ውስጥ የሆነ ነገር ተሰበረ።

ጅማ ተጎትታ ገብታ ሲቆጠር የኋላው አዲሱ ኮሮና 41 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10። የፊቱ ኮሮና 43 ጥርስ፣ ፒኞኑ 10። ከኋላ 4.1፣ ከፊት 4.3 ማለት ነው። ልዩነቱ አምስት ከመቶ እንኳ አይሞላም። ግን ፎር ባይ ፎር ሲገባ የፊትና የኋላ ፕሮፔለር ሻፍት አንድ ላይ ይታሰራሉ፣ እኩል ይዞራሉ። ስለዚህ የፊት ጎማ 100 ጊዜ ሲዞር የኋላው ወደ 105 መዞር ይፈልጋል። ጭቃ ላይ ጎማው ስለሚንሸራተት ልዩነቱ መውጫ ያገኛል። ደረቅ መሬት ላይ መውጫ የለውም፤ ብረቱ ላይ ይጠራቀማል። የደከመው ብረት ይሰበራል። የኔ ደካማ ትራንስፈሩ ሆነ።

ደላላውን ብዙም አልወቅሰውም። የጠየቅኩትን ነው የሰጠኝ። እሱም የላንድ ክሩዘር ነበር።

የራሳችሁን ቁጥር እንዴት ታገኛላችሁ

ከሁሉም የሚታመነው ዲፈረንሻሉን ፈትቶ መቁጠር ነው። የኮሮናው አንድ ጥርስ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና እያዞራችሁ ቁጠሩ። ፒኞኑንም እንዲሁ። የኮሮናውን ለፒኞኑ አካፍሉ። በላንድ ክሩዘር ቤተሰብ ከሚያጋጥማችሁ ውስጥ 37 በ9 አለ፣ 4.11 ይሆናል። 41 በ10 አለ፣ 4.1 ነው። 43 በ10፣ 4.3። 43 በ11 ደግሞ 3.9 ገደማ ነው። ልብ በሉ፣ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ኮሮናቸው እኩል 43 ነው። ኮሮና ብቻ ቆጥሮ «አገኘሁ» ያለ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል።

ሳይፈታም ማወቅ ይቻላል። እኔ አሁን ግቢዬ ውስጥ የማደርገው ይህንን ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁሙ። የፊት ጎማዎቹን ድንጋይ አስደግፉ። ፎር ባይ ፎር ይውጣ፣ ካምቢዮው ባዶ ይሁን። ከኋላ አንዱን ጎማ ብቻ በክሪክ አንሡ፣ ሌላው መሬት ይንካ። ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ሳታስገቡ ማንም አይግባበት። የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። የተነሣው ጎማ ላይና ፕሮፔለር ሻፍቱ ላይ በጠመኔ አንዳንድ መስመር አስምሩ። አሁን አንድ ሰው ጎማውን ቀስ ብሎ 20 ጊዜ ያዙር፣ ሌላው የፕሮፔለር ሻፍቱን ዙር ይቁጠር። አንዱ ጎማ ቆሞ ሌላው ብቻውን ሲዞር ኮሮናው የሚዞረው በግማሽ ነው። ስለዚህ 20 ዙር ጎማ ማለት 10 ዙር ኮሮና ነው። ፕሮፔለር ሻፍቱ 41 ጊዜ ከዞረ 4.1 ነው። 43 ከዞረ 4.3። የእህቴ ልጅ ነው የሚቆጥርልኝ፤ ስድስተኛ ክፍል ነው፣ ከመካኒኮቹ ይልቅ እሱን አምናለሁ። ሦስት ጊዜ እናደርገዋለን። በሁለት ዙር ብቻ ካያችሁት ግን 4.1ን ከ4.3 መለየት ይከብዳል፤ ሁለቱም «አራት ዙርና ትንሽ» ይመስላሉ።

የፊቱንም በዚሁ መንገድ ቁጠሩ፤ የፊት ጎማዎቹ ከአክስላቸው ጋር መቆለፍ እንዳለባቸው አትርሱ፣ ድንጋዩም ወደ ኋላ ጎማ ይሂድ። ሁለቱ ቁጥር እኩል ካልሆነ ከእናንተ በፊት የነበረ ሰው የኔን ስህተት ሠርቶባታል ማለት ነው።

ሌላው የመኪናው የብረት መለያ ሳህን ነው። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ኮፈኑ ሲከፈት ሞተር ክፍሉ ውስጥ ይታያል፣ በአንዳንዶቹ የበሩ ምሰሶ ላይ ነው። እዚያ ላይ የአክስል ኮድ አለ። የመጀመሪያው ፊደል የኮሮናውን መጠን፣ ቀጥለው ያሉት አኃዞች የጥርሱን ምጣኔ ይናገራሉ። ፎቶ አንሡት። የሻንሲ ቁጥሩንም ከሊብሬው ላይ ያዙ። ግን ሳህኑም ሻንሲውም የሚናገሩት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። እኛ አገር አንድ ሰባ ዘጠኝ ስንት እጅ፣ ስንት ፕሮጀክት፣ ስንት ጋራዥ አልፎ እንደሚመጣ ታውቃላችሁ። ሳህኑ ይጠቁማል እንጂ ቁጥሩን አይተካም።

መጀመሪያ ግን ጥርሱ ነው ወይ?

ይህን ቀድሜ ማንሣት ነበረብኝ። የሚጮህ ሁሉ ኮሮና አይደለም። ነዳጅ ስትሰጡ የሚያዜምና እግራችሁን ስታነሡ ድምፁን የሚለውጥ ከሆነ ጥርሱ ወይም የፒኞኑ ኩሽኔታ ነው። ኩርባ ላይ የሚብስ ከሆነ መጀመሪያ የጎማውን ኩሽኔታ እዩ። ስትነሡ አንዴ ጓ የሚል ከሆነ የፕሮፔለር ሻፍቱን መገጣጠሚያ፣ ክሮቸራውን ነቅንቁት፤ ዋጋው ከኮሮና ጋር አይወዳደርም።

ከዚያ የዲፈረንሻሉን ዘይት አፍስሱ። ብሎኑ ላይ ማግኔት ካለው ጥሩ ምስክር ነው። እንደ ግራሶ የለሰለሰ ግራጫ ነገር ከሆነ ተራ እርጅና ነው። በጣት ሲነካ የሚወጋ ስንጥር ከሆነ ጥርስ እየረገፈ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ይህ እኛ ጋ የተለመደ ነው። ዲፈረንሻሉ መተንፈሻ አለው፤ ሲሄድ የሞቀ ብረት ድንገት ወንዝ ሲገባ ይቀዘቅዝና በመተንፈሻው ውሃ ይስባል። የጅማ ዝናብ ደግሞ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም። የኔን ፒኞን የገደለው ይኸው ይመስለኛል። አሁን መተንፈሻው ላይ የጎማ ቱቦ አስቀጥዬ ወደ ላይ፣ ከጭነቱ ሳጥን ሥር ከፍ ብሎ እንዲወጣ አድርጌዋለሁ።

ባልና ሚስት

ኮሮናና ፒኞን በፋብሪካ አብረው ነው የሚታሹት። አንዱ የሌላውን ጥርስ ለምዶ ነው የሚወጣው። ብዙዎቹ አምራቾች ጥንዶቹ እንዳይጠፋፉ ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጽፋሉ፤ ፒኞኑ አናት ላይና ኮሮናው ጎን ላይ ፈልጉት። ቁጥሩ ከተለያየ አትግዙ። «ፒኞኑ ብቻ ነው የተበላሸው፣ ፒኞን ብቻ ግዢ» የሚላችሁ ሰው ሊቆጥብላችሁ ፈልጎ ነው፤ ግን በወሩ ሁለቱንም ትገዛላችሁ።

የፊትና የኋላም አንድ አይደለም። በብዙዎቹ የቅርብ ጊዜ ላንድ ክሩዘሮች የፊቱ ኮሮና ከኋላው ያነሰ ነው፣ ፒኞኑም ከፍ ብሎ ነው የሚገባው፣ የጥርሱም ጥምዝ በተቃራኒ ነው። ስለዚህ የጥርሱ ቁጥር ቢገጥምም «የፊት ነው የኋላ?» ብላችሁ ጠይቁ። ኮሮናው የሚታሰርባቸውን የብሎን ቀዳዳዎች ቁጠሩ። የፒኞኑን ጭራ ሽንሽኖችም ቁጠሩ። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አንድ ላይ የሚያስር ሎክ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ይህንንም ተናገሩ፣ ውስጡ ይለያል።

አሮጌውን ፒኞን ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው። ኮሮናው ከባድ ስለሆነ ፎቶውን ያዝኩ። ፒኞን ግን ኪስ ባይገባ ቦርሳ ይገባል። ሱቅ ውስጥ ሲቀመጥ ከምንም ወሬ በላይ ይናገራል። አዲሱን ከአጠገቡ አቁሙት። ርዝመት፣ ውፍረት፣ የጭራ ሽንሽን፣ የጥርስ ጥምዝ። ዓይን ወዲያው ያየዋል።

አዲስ ጥንድ ወይስ ከነቤቱ ያገለገለ?

እኔን ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ ይህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በእነዚህ መኪናዎች የኋላው ዲፈረንሻል ከነቤቱ አንድ ላይ ከፊት በኩል ይወጣል። ዘይቱ ይፈሳል፣ ሁለቱ የጎማ አክስሎች ይሳባሉ፣ ፕሮፔለር ሻፍቱ ይለያያል፣ ዙሪያውን ያሉት ዳዶዎች ይፈታሉ። ሁለት ጠንካራ ልጆች ተሸክመው ያወጡታል። ስለዚህ ሁለት ምርጫ አላችሁ። አዲስ ኮሮናና ፒኞን ገዝቶ አሮጌው ቤት ውስጥ ማስገጠም፣ ወይም ከተፈታ መኪና የወጣ ሙሉ ዲፈረንሻል ከነቤቱ ገዝቶ እንዳለ መክተት።

አዲሱ ጥንድ የተሻለ ይመስላል። ዕቃው አዲስ ነዋ። ግን ብረቱን መግዛት የሥራው ግማሽ እንኳ አይደለም። ፒኞኑ ወደ ኮሮናው ምን ያህል ጠልቆ ይግባ የሚለው በስስ የብረት ቀለበቶች ነው የሚስተካከለው። በጥርሶቹ መካከል የሚተወው ክፍተት እንደ ሞዴሉ ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ይህ የሁለት ፀጉር ውፍረት ያህል ማለት ነው፣ ቢበዛ የሦስት። ጠብቦ ከተገጠመ ይሞቃል፣ ይቃጠላል። ሰፍቶ ከተገጠመ ይንጓጓል፣ ጥርስ ይረግፋል። በአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ የሞተ አዲስ ኮሮና አይቻለሁ። የሞተው ዕቃው መጥፎ ስለሆነ አልነበረም።

ስለዚህ ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ጋራዥ ነው የፈለግኩት። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። «ዳያል ጌጅ አላችሁ?» ሰዓት የሚመስል መለኪያ ነው፣ መርፌው የመቶኛ ሚሊሜትር ያነባል። አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ጋ ሄጄ «ሰዓቱ አለዎት ጋሼ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እኔ በጆሮዬ ነው የምሠራው» አሉኝ። ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ፣ ጆሯቸው እውነትም ሰዓት ነው። የሞተር ቫልቭ ድምፅ ሰምተው ስንተኛው ሲሊንደር እንደሆነ ይነግሯችኋል። ግን 0.15 ሚሊሜትር አይሰማም። ቡናቸውን ጠጥቼ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ሁለተኛው ጋራዥ ውስጥ አንድ ወጣት «አለን» ብሎ ከቁም ሳጥን አወጣው። በጨርቅ ተጠቅልሏል። ንጹሕ ነው። መሣሪያውን በጨርቅ የሚጠቀልል ሰው መኪናዬን ቢነካ አልፈራም። ከዚያ «ቀለም ቀብተህ አሻራ ታያለህ ወይ?» አልኩት። ሣቀ፤ «አንቺ ደግሞ ማን አስተማረሽ?» አለኝ። ጥርሱ ላይ ስስ ቀለም ይቀባል፣ ይዞራል፣ ቀለሙ የተነቀለበት ቦታ የሁለቱ ጥርስ መገናኛ ነው። አሻራው ጥርሱ መሃል አካባቢ ማረፍ አለበት። ጫፍ ላይ ወይም ሥሩ ላይ ካረፈ ፒኞኑ ተነሥቶ ቀለበቱ ይለወጣል፣ እንደገና ይሞከራል። ይህ ሦስትና አራት ጊዜ ሊደጋገም ይችላል። ልጁ ግማሽ ቀን ፈጅቶበታል። አልተቆጣሁም።

እንዲህ ያለ ሰው ካላገኛችሁ፣ ከነቤቱ ያገለገለውን ግዙ። እውነቴን ነው። የጃፓን ፋብሪካ አንዴ ያስተካከለው፣ ማንም ያልነካው አሮጌ ዲፈረንሻል በመዶሻ ከተገጠመ አዲስ ይሻላል። ችግሩ «ማንም ያልነካው» የሚለውን ማረጋገጥ ነው። የዳዶዎቹን ጠርዝ እዩ። ቁልፍ የበላው፣ መዶሻ የመታው፣ በቀይ ሲሊኮን የተለጠፈ ከሆነ ተከፍቷል።

ሱቅ ውስጥ

ጅማ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ኩሽኔታውን፣ የዘይት ማገጃ ጎማውንና ዘይቱን አታጡም። ኮሮናና ፒኞን ግን ከጥርስ ቁጥሩ ጋር ልክ የሚሆነውን ማግኘት ዕድል ነው። ካልተገኘ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ነው። ያገለገለ ከሆነ ሶማሌ ተራ፣ አዲስ ኦሪጅናል ከሆነ የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ፣ በመካከል ያለው ሁሉ ደግሞ የግል አስመጪዎች ጋ። ዋጋ አልጽፍላችሁም። ይህን አንብባችሁ እስክትጨርሱ ይለወጣል።

«ኦሪጅናል ነው» የሚለውን ቃል ብዙ አትመኑ። ባለ ሱቁ «ጥሩ ነው» ማለቱ ነው እንጂ ጃፓን ተሠራ ማለቱ ላይሆን ይችላል። የቶዮታ የኮሮናና ፒኞን ጥንድ የዕቃ ቁጥር በ41201 ይጀምራል፤ ቀጥሎ ያለው ሞዴሉንና ጥርሱን ይለያል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር አንብቡ። ከዚያ ካርቶኑን ከፍታችሁ ብረቱን ቁጠሩ። ካርቶን ይለዋወጣል። የታይዋንና የቻይና ዕቃ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ለጅማ ከተማ ውስጥ የሚያገለግል መኪና ሊበቃ ይችላል። ኩንታል ጭኖ ዴዶ ለሚወጣ ግን ገንዘቡ ካለ ጃፓኑን እላለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ የእጅ ባትሪ ያዙ። ዘይቱን በጨርቅ ጥረጉት፤ ዘይት ገመና ይሸፍናል። ጥርሱን አንድ በአንድ እዩ። ጫፉ የረገፈ፣ ፊቱ ላይ እንደ ፈንጣጣ ጉድጓድ ያለበት፣ ውሃ ውስጥ ቆሞ የዛገ አትንኩ። ሰማያዊ ወይም ወርቃማ ጥላ ካለበት ዘይት አልቆበት ተቃጥሏል። ጥፍራችሁን በጥርሱ ፊት ላይ ጎትቱ። ጥፍር የሚይዝ እርከን ካለ ተበልቷል። አንዱን ጥርስ አይታችሁ አትፍረዱ፤ እኔ ሠላሳ ስምንተኛው ላይ ነው አንዴ ስንጥቅ ያገኘሁት።

በስልክ የምትገዙ ከሆነ ፎቶ አይበቃም። ቪዲዮ በቴሌግራም አስልኩ። ሻጩ አንዱን ጥርስ በማርከር ምልክት አድርጎ፣ እያዞረ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቁጠር። ፒኞኑንም እንዲሁ። የጥንዱን ቁጥር ያሳያችሁ። የማይፈልግ ከሆነ ስልኩን ዝጉ። በደረሰኙ ላይም «የላንድ ክሩዘር ኮሮና» ብቻ አይጻፍ። «43 በ10፣ የኋላ፣ ካልገጠመ ይመለሳል» ተብሎ ይጻፍ። መጀመሪያ ያጣሁት ብር ያልተመለሰልኝ ወረቀቱ ላይ የጥርስ ቁጥር ስላልነበረ ነው።

አብራችሁ የምትገዙት፦ ሁለቱ የፒኞን ኩሽኔታዎች፣ ሁለቱ የጎን ኩሽኔታዎች፣ የፒኞን ዘይት ማገጃ፣ አዲስ የፒኞን ዳዶ፣ ጋርኒሲዮን፣ ካለው ደግሞ በፒኞኑ ላይ የሚጨፈለቀው ቀለበት። ይህ ቀለበት አንዴ ብቻ ነው የሚያገለግለው። «አሮጌው ይሠራል» የሚል ካለ አይሠራም። ኩሽኔታ ላይ አትቆጥቡ። ዘይቱ ጂኤል 5 የሚል ምልክት ያለው፣ 80 ደብሊው 90 ወይም 85 ደብሊው 90 ይሁን። ለካምቢዮ ብላችሁ ያስቀመጣችሁትን ሁሉ አትገልብጡበት።

ከተገጠመ በኋላ

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያልቃል። መኪናው ቆሞ ከርሟል፣ ቡናው እየጠበቀ ነው። ግን አዲስ ጥርስ መጀመሪያ ላይ በጣም ይሞቃል። የመጀመሪያውን ቀን ባዶዋን እስከ ሰርቦ ነዳኋት። ሃያ ደቂቃ ያህል ሄጄ ቆምኩ፣ እስክትቀዘቅዝ ሻይ ጠጣሁ፣ ተመለስኩ። እንዲህ እያደረግኩ ጥቂት ቀን። እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነትም ሌላ መኪና መጎተትም የለም። 800 ላይ ዘይቱን አስፈስሼ አስቀየርኩ። ማግኔቱ ላይ ስስ ግራጫ ነገር ነበር፣ ስንጥር አልነበረም። የጋራዡ ልጅ በጣቱ አሻሸና አሸተተው። «በቃ፣ ጫኚ» አለኝ።

ያ የመጀመሪያው፣ 41 በ10 የሆነው ጥንድ መጋዘኔ ውስጥ ቆይቷል። አንድ ወር ብቻ የሠራ ነው፣ ምንም አልሆነም፤ የተሰበረው ትራንስፈሩ ነበር። ኮሮናውንና ፒኞኑን በሽቦ አስሬ፣ ግራሶ ቀብቼ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አስቀመጥኳቸው። ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ሾፌር ከሊሙ መጣ። ሰው ልኮት ነው። ከረጢቱን ፈታሁለት። «ባለ አርባ አንድ ነው አይደል?» አለኝ። «ነው» አልኩት። ብሩን ከኪሱ ማውጣት ጀመረ።

«ቆይ፣ ቁጠረው» አልኩት።

«አምንሻለሁ እኮ እቴቴ።»

ጠመኔውን ሰጠሁት። እያፈረ ተቀበለኝ። ተቀመጠ፣ አንዱ ጥርስ ላይ ነጭ መስመር አሰመረ፣ በጣቱ እየነካ ጀመረ። ሃያ ላይ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ። ተሳሳተ። እንደገና ከአንድ ጀመረ።